ስምንት ቀን በሲሸልስ፦ ፍሪያፔን የበላ ይመለሳል

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017፦ ከቦሌ ወደ ማሄ

ሲሸልስ ልሄድ ነው ስል የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ማን አገባሽ?» እና «ስንት አወጣሽ?» አይፈረድባቸውም። የዚያች አገር ስም እኛ ዘንድ የሚነሣው ከጫጉላ ሽርሽር ጋር ነው። እኔ ግን ያላገባሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ማሄ ደሴት ላይ በአንድ የግል ክሊኒክ ተቀጥራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ተነሣሁ።

ሲሸልስ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ግን ከመነሣትሽ በፊት በኢንተርኔት ፎርም ሞልተሽ፣ ከፍለሽ፣ ፈቃድ ማግኘት አለብሽ። ሞላሁ። ፓስፖርት ቁጥሬ ላይ ዜሮውን «ኦ» ብዬ መጻፌ የታወቀው ግን ቦሌ ስደርስ ነው። ከወረፋው ወጥቼ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና ሞላሁ፣ እንደገና ከፈልኩ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ የምቆጣው ሰው እንኳን አላገኘሁም።

በረራው አራት ሰዓት አይሞላም። ከጎኔ ያሉት ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው አንቀላፉ። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ውኃ አየሁ፤ ከሶማሊያ ዳርቻ ወዲያ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ስወርድ ሙቀቱ ልክ የድስት ክዳን እንደከፈቱበት ሰው ፊቴን መታኝ። ጓደኛዬ የአከራይዋን ልጅ ከነፒክአፑ ይዛ መጥታለች። ተቃቅፈን ስናበቃ እንደለመድኩት በቀኝ በኩል በሩን ከፈትኩ። መሪው እዚያ ነው። «ልትነጂልን ነው እንዴ?» አለች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ጥልቅ የውኃ ቦይ ይሄዳል። ልጁ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው የሚያውቀውን ሁሉ ሰላም ይላል። የማያውቀው ሰው ያለም አልመሰለኝም።

አርብ፣ ኅዳር 6፦ አንስ ሮያል

ጓደኛዬ የተከራየችው የአንዲት የ68 ዓመት እናት ጓሮ ያለውን ክፍል ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ግራንመር» ይላቸዋል፤ በክሪዮል፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አያት ማለት ነው። እኔም ግራንመር አልኳቸው።

ለእንግዳ ብለው ቀይ ዓሣ ጠብሰው ጠበቁኝ። ቀኑ አርብ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ከአዲስ አበባ ይዤው እንደሄድኩ የገባኝ ሳህኑ ፊት ስቀመጥ ነው። «የንስሐ አባቴ ይፍቱኝ» ልል ትንሽ ሲቀረኝ ጓደኛዬ አዳነችኝ። «ለእሷ ፍሪያፔን ይስጧት» አለቻቸው።

ፍሪያፔን የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል አረንጓዴ የዛፍ ፍሬ ነው። ግራንመር ሁለት አውርደው ፍም ላይ ጣሏቸው። ቅርፊቱ ከሰል እስኪሆን ጠቆረ። በቢላ ሲሰነጥቁት ውስጡ ነጭ ነው፤ ሽታው ትኩስ ዳቦ፣ ጣዕሙ በድንችና በጎደሬ መካከል። በእጃችን እየቆረስን በላን።

«ፍሪያፔን የበላ ወደ ሲሸልስ ይመለሳል ይባላል» አሉኝ። ከዚያ፣ ስለ ዝናቡ የሚያወሩ ይመስል፣ «እኔም ሕንድ ከመሄዴ በፊት ማታውን አንድ ሙሉ በላሁ» አሉ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሲታጠቡ ጡታቸው ላይ እብጠት ነካቸው። ምርመራውም፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒትም እዚያው ማሄ ላይ ሆነላቸው። ገንዘብ አልተጠየቁም። በመንግሥት ተቋም የሚሰጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ነጻ መሆኑ ሕገ መንግሥታቸው ላይ ተጽፏል፤ ግራንመር እንደሚሉት እሳቸው ከዚያም አልፎ ደርሷቸዋል። የተቸገሩት የጨረር ሕክምናው ላይ ነው። አገሩ ውስጥ የጨረር ማሽን የለም። ስለዚህ ቼናይ ሄዱ። ከሦስት ሺህ ኪሎሜትር በላይ ባሕር ማዶ።

አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፦ ታማሚው ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልጃቸው አብራቸው ሄዳ ነበር፤ ሥራ ስላለባት በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዲህ ነገሩኝ። «ጨረሩ አያምም። የሚያመው ከሰዓት በኋላው ነው።» ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሕክምናው ያልቃል። ከዚያ እስከ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ጣራው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ማየት።

ይህን እየነገሩኝ የቀሚሳቸውን አንገት ትንሽ ዝቅ አድርገው አንድ ነጥብ አሳዩኝ። የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች፤ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር። ጨረር ሊጀመር ሲል ቆዳ ላይ እንዲህ ያሉ ጥቂት ነጥቦች ይነቀሳሉ፤ በየቀኑ ጨረሩ እዚያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን እኚህ ሴትዮ ጓሮ፣ እጄ በፍሪያፔን ተበላሽቶ ሳየው የአያቴ አንገት ንቅሳት ትዝ አለኝና ነገርኳቸው። ለካ ንቅሳት ምን እንደሆነ በስልክ ፎቶ ማሳየት ኖሮብኛል። ካዩ በኋላ ሳቁ። «የአያትሽ ለውበት ነው። የእኔ ለማነጣጠሪያ ነው» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7፦ ቪክቶሪያ

አውቶቡስ 12 ሩፒ። አንድ ሩፒ ያኔ በእኛ ዘጠኝ ብር ገደማ ስለሚመጣ፣ አንድ ጉዞ ከመቶ ብር በላይ መሆኑ ነው። ማስላቱን በሁለተኛው ቀን ተውኩት፤ ምግብ አላስበላ አለኝ። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወርድ ሹፌሩ የሚነዳ ሳይሆን የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። መውረድ የፈለገ «ደቫን!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ደንግጬ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። የሚገርመው፣ ቆመ።

ቪክቶሪያን ዋና ከተማ ለማለት ልብ ይጠይቃል። የሚኮሩበት የሰዓት ማማ አለ፤ ፒያሳ ቢያቆሙት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ገበያው ግን ደስ ይላል። ዓሣ የሚሸጥበት መደብ ላይ ነጫጭ ወፎች እንደ ደንበኛ ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ዓሣው ርካሽ ነው፤ አንድ ዘለላ ሙሉ ትንንሽ ዓሣ በ100 ሩፒ። አትክልቱ ግን ያስደነግጣል። አራት ቲማቲም 50 ሩፒ! አብዛኛው የሚበላ ነገር በመርከብና በአውሮፕላን የሚገባ ነው። ከገበያው ወጣ ሲሉ የተጠበሰ ዶሮና ድንች ጥብስ በየጥጉ፣ ጣፋጭ መጠጥ በየፍሪጁ።

ጓደኛዬ «ስኳርና ስብ ገብቶ ሲያድር ኬሞ ሆኖ ይወጣል» ትላለች። ትንሽ ታጋንናለች፣ ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከጡትና ከአንጀት ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። መንግሥቱም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ስኳር በበዛበት መጠጥ ላይ በሊትር 4 ሩፒ ቀረጥ ጥሏል። በትምባሆ ላይ ደግሞ ቀደም ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ በተዘጋ የሕዝብ ቦታና በሥራ ቦታ ማጨስ ከለከሉ። እኛ በአዋጅ 1112 እዚያ የደረስነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስዞር ሲያጨስ ያየሁት ሰው ሁለት ነው፤ አንዱ ቱሪስት።

እሑድ፣ ኅዳር 8፦ ቦ ቫሎን

ጠዋት ግራንመርን ተከትለን ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ባሕር። ትከሻዬ ተቃጠለ። የሰፈሩ ወንዶች ከዘንባባ የሚቀዳውን ካሉ የሚባል መጠጥ ጋበዙን። መልኩ ውኃ የቀላቀለ ወተት ነው፣ ጠረኑ የሰነበተ ጠላ። አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ አመሰገንኩ። እነሱ ግን ቀጠሉ። አልኮል ራሱ ካንሰር አምጪ ነው ብዬ በዚያ ሰዓት ላስተምራቸው ብል እንደማይሰሙኝ ከአገሬ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9፦ ሞንት ፍለሪ

ዋናው ሆስፒታል ሞንት ፍለሪ የሚባል ሰፈር ነው ያለው፣ ከዕፅዋት መናፈሻው አጠገብ። ሰው ኤሊ ለማየት በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ለኬሞ። ጓደኛዬ የምታውቃት አንዲት ነርስ በእረፍት ሰዓቷ ተቀበለችን። ውስጥ ያየሁትን ሰው አልጽፍም። መቶ ሺህ የሚያህል ሕዝብ ባለበት አገር ሰው በጃኬቱ ቀለም ይታወቃል።

ሻይ ይዘን ያወራነውን ግን ልጻፍ። እኔ እንደ ሞኝ «አንድ የጨረር ማሽን መግዛት ምን ያቅታችኋል? ከእኛ ትሻላላችሁ እኮ» አልኩ። ነርሷ ስቃ ጣቷን መቁጠር ጀመረች። ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳው ከሜትር በላይ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። የጨረር ሐኪም፣ መጠኑን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የሚያንቀሳቅሱት ቴክኒሺያኖች፣ ሲበላሽ የሚጠግን መሐንዲስ ያስፈልጋል። አንዱ ሰው ዓመት ፈቃድ ከወጣ የሚተካው የለም። በሌላ በኩል አንድ ማሽን በዓመት ብዙ መቶ ታማሚ ሊያክም ይችላል፤ ከካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ጨረር የሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ነው። «ሰው እናንሳለን» አለች። ይህን ስትል አፍሬ ሻዬን ጠጣሁ።

መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። አንድ የኬሞ መድኃኒት በዓመት ለጥቂት ሰው ብቻ ሲታዘዝ አቅራቢው ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ስልክ አያነሣም። ሲሸልስን ጨምሮ የአፍሪካ ደሴት አገሮች መድኃኒት በጋራ ለመግዛት የተስማሙት ለዚህ ነው። እኛ በብዛታችን እንሰቃያለን፣ እነሱ በማነሳቸው።

የእኛ ነገር ትዝ አለኝ እንግዲህ። ለረጅም ዓመታት ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 «የተስፋ ጨረሮች» ያለውን ዘመቻ ያስጀመረው በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ያኔ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች አንድም የጨረር ማሽን አልነበራቸውም። የዚያን ቀን ስብሰባው መንገድ ዘግቶብኝ ሥራ አርፍጄ መግባቴን ለነርሷ ስነግራት በጣም ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፦ ወደ ፕራስሊን

ጀልባው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለውጭ ዜጋ ዋጋው ከ60 ዩሮ በላይ ነው፤ ለአገሬው ሰው በጣም ይቀንሳል። ስለ ባሕሩ ብዙ አልልም። ወረቀት ከረጢት አድለውን ነበር። ሁለት ተጠቀምኩ። አጠገቤ የነበረች ልጅ አግዳሚው ላይ ተኝታ ቲክቶክ ታያለች።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ደን አየን። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ኮኮ ደ ሜ የሚባለው በዓለም ትልቁ የዛፍ ዘር የሚበቅለው እዚያ ነው። ቅርጹን አልገልጸውም፤ ያየ ያውቀዋል። አስጎብኚው ስለ ወንዴና ሴቴ ዛፍ ሲያብራራ አንዲት አሮጊት ቱሪስት ከእኔ በላይ ቀላች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፦ ላ ዲግ

ከፕራስሊን ላ ዲግ 15 ደቂቃ ነው። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል፤ መኪና ጥቂት ነው፣ ሁሉም በሳይክል። በ150 ሩፒ ተከራየሁ። ሳይክል የነዳሁት ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከወደቡ ሦስት መቶ ሜትር ሳልርቅ የኤሊ አጥር ውስጥ ገባሁ። ኤሊው አንገቱን አውጥቶ አየኝና መልሶ ከተተው። ጉልበቴ ተላጠ። ጓደኛዬ ከማንሣቷ በፊት ፎቶ አነሣችኝ።

ጉልበቴን ሊያጥቡልኝ ደሴቲቱ ላይ ወዳለችው ትንሽ ሆስፒታል ሄድን። ንጹሕ ናት፣ ወረፋ የለም። ያጠበችልኝ ልጅ እኔም ነርስ መሆኔን ስታውቅ ወንበር ሳበች። የማወራው ሁልጊዜ ስለ ሥራ ነው፤ ይህ በሽታ ነው መሰለኝ።

ስለ ማሕፀን በር ካንሰር አወራን። እዚህ ደሴቱ ማነሱ ይጠቅማል አለችኝ። ክትባቱን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። እኛ የጀመርነው በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። ያኔ ወላጆች «ልጃችንን ልታመክኑብን ነው» ብለው በር የዘጉብንን ጓደኞቼን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከልጃገረዶች 90 በመቶው ይከተቡ ይላል። ላ ዲግ ላይ 90 በመቶ ማለት በስም የሚታወቁ ልጆች ናቸው። «የቀረችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ናት» አለች። ቤቷ ሄዳ ከእናቷ ጋር ሻይ ጠጥታለች፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን እያሰበችበት ነው።

ምርመራው ላይ ግን ያው ማነስ ይጎዳል። እኛ ጤና ጣቢያ የማሕፀን በርን በቀጭን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤው ዓይነት፣ ቀብተን እናያለን፤ የተበላሸው ቦታ በደቂቃ ውስጥ ነጭ ይሆናል፣ እዚያው ቀኑን ልናክመው እንችላለን። እነሱ ፓፕ ስሚር የሚሉትን ናሙና ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ችግሩ ግን ዘዴው ላይ አይደለም። ናሙናውን የምትወስደው ልጅ ጎረቤትሽ ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላሽ ትቀመጣለች። ስለዚህ አንዷ ሴት ማንም እንዳያያት ብላ በሁለት ጀልባ ማሄ ድረስ ሄደች። ጀልባው ላይ ማን አጠገቧ ተቀመጠ? ይህችው ነርስ፤ እሷም ለራሷ ምርመራ እየሄደች። ለምን ብትሉ፣ እዚያ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት። ሁለቱም እስከ ማሄ ስለ ዓሣ ዋጋ አወሩ።

ወንዶቹስ? አልኩ። የፕሮስቴት ካንሰር ማለቴ ነው፤ ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ ነው። እጇን ወደ ወደቡ ዘረጋች። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየጠገኑ ነበር። «መልሕቁ ሲሰበር ይመጣሉ» አለች። እኛ ዘንድም ሽንት ቢጠፋ ብርድ ነው ብሎ ሁለት ዓመት የሚታገሥ አባት ሞልቷል።

ማታ በጀልባ ማሄ ተመለስን። ይህኛው ከረጢት አንድ ብቻ ነው የፈጀው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፦ ወደ አዲስ አበባ

ግራንመር ማለዳ ተነሥተው ፍሪያፔን በስሱ ከትፈው ጠበሱልኝ፤ ቺፕስ ነው የሚመስለው። ጨው ነስንሰው በወረቀት ጠቀለሉት። «ዛሬ ቁርስሽን እዚህ ስለማትበዪ ነው» አሉ። ስንሰናበት ያቺን ነጥብ ባለችበት በኩል አጥብቄ እንዳላቅፋቸው ተጠነቀቅኩ። ስድስት ዓመት ሆናት እኮ፤ ግን የሥራ ልማድ ነው።

አውሮፕላኑ ቦሌ ያረፈው ከመሸ ነው። በሩ ሲከፈት ጭስ ሸተተኝ። ለካ ኅዳር ሚካኤል ነው! ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ከተማውን ካጨደ ወዲህ በሽታን በጭስ ማባረራችን ይኸው አልቀረም። ባለታክሲው መስኮቱን ዘግቶ እያሳለ «እስቲ አሁን ይሄ በሽታ ያጠፋል ወይስ ያመጣል?» አለኝ። ነርስ መሆኔን አልነገርኩትም። ደክሞኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ቺፕሱን ነርሶች ክፍል ባስቀምጠው እኩለ ቀን ላይ እፍኝ አልሞላም። የቀረውን ይዤ ዋርድ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ያሉት እናት ጨረር ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ከየት እንደመጡ አልጽፍም፤ ሩቅ ነው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ። ልጃቸው ለአዝመራው ተመልሷል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ጣራውን ያያሉ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

የጾም መሆኑን ነገርኳቸው። ከባሕር ማዶ የመጣ ፍሬ ነው፣ እዚያ አገር ይህን የበላ አገሩ ይመለሳል ይባላል አልኳቸው። ትንሽ አጣምሜ መንገሬን አውቃለሁ።

አንዱን አገላብጠው አዩት። «እንግዲያው ሁለት ስጪኝ» አሉ።